ሙሽሪት ደጅ የከረመች ጊዜ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የፈታው እጄ ነው፤ እግሬ ገና አልሰማም። ታኅሣሥ ገብቶ ከካራማራ ተራራ በኩል ያ ደረቅ ንፋስ ሲነሳ፣ ጎህ ሳይቀድ ብድግ ብዬ በር እከፍታለሁ። ባለቤቴ ሙሉ ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ የማንን ራዲያተር ልታይ ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ የልጅ ልጃችን ብስክሌት ብቻ ነው።

በሰፈራችን ጥግ የባጃጅ ጋራዥ ተከፍቷል። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ሳልፍ ወንበር ያወጡልኛል። በቀደም አንዱን «ብርድ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩት። «ጃኬት እንደርባለን ጋሼ!» አለኝ። ሳቄ መጣ።  በእኛ ጊዜ ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ለመኪኖቹ ነበር። አንዷን ያለበስንበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ስለ እሷ ለመጻፍ ነው።

የተወለድኩት ናዝሬት፣ ሙያ የለመድኩት ድሬዳዋ ነው። የመጀመሪያ ምደባዬ አይሻ ሆነ። አይሻ ማለት ባቡር፣ አሸዋና ሙቀት ነው፤ ቁልፍ ፀሐይ ላይ ረስተህ ብታነሳ መዳፍህን ይተኩስሃል። ከዚያ ባቢሌ ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲወርዱ ፍሬናቸው የጋለ የጭነት መኪኖችን መንገድ ዳር ተኝቼ እጠግን ነበር። የሱማሌው ጦርነት ካለፈ በኋላ ጅጅጋ ስመደብ ሁሉም «ሱማሌ አገር አይደል፣ ሙቀት ነው» ስላሉኝ ጉርድ ሸሚዝ ብቻ ይዤ መጣሁ። ጊዜው ኅዳር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ሥር በቀረው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ አየሁ። ብርድ ልብስ እስክገዛ ድረስ ቱታዬን እንደለበስኩ ነው የተኛሁት። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም።

የተመደብኩበት የመንግሥት ጋራዥ ዋና መካኒክ ጋሽ ወልዴ ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ሌላው መካኒክ ሥራ ሲጨርስ እጁን ይታጠባል፤ ጋሽ ወልዴ ሳይጀምር ነው በሳሙና የሚታጠበው። «ሞተር የሚሞተው በእኛ ቆሻሻ ነው» ይል ነበር። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚያስል ሰው ወየውለት። ደግሞ «ጨርሰናል» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። መኪናውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነድተህ ንገረኝ።»

በጅጅጋ ብርድ መኪና እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማታ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት የራዲያተሩን ውሃ በሙሉ እናፈሳለን፤ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ እንሞላለን። ቸኩሎ የፈላ ውሃ የሚሞላ ሰው ካየ ይቆጣል። «አንተ ከእንቅልፍህ ስትነሳ የፈላ ውሃ ቢደፉብህ ትወዳለህ?» ይላል። መኪናን እንደ ሰው ነበር የሚያየው። ያ ነገሩ ነው ኋላ ጉድ የሠራን።

አሁን ወደ ሙሽሪት ልምጣ። ሙሽሪት የሐጂ ዑመር መኪና ነበረች። ሐጂ ዑመር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ከአሥመራ ያስመጧት ጣሊያን ሠራሽ መኪና ነች፤ ቀለሟ የቅቤ፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎዋ ጎበጥ ያለ፣ መብራቷ ክብ፣ ዳር ዳሯ ኒኬል። በከተማው የሚያገባ ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ሐጂ ሱቅ ሄዶ «ሙሽሪትን አውሱኝ» ይላል። ሐጂ ምንም አይቀበሉም። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ከወልዴ በቀር ሌላ ሰው እንዳይነዳት፣ በሯንም ማንም በኃይል እንዳይዘጋ። መምህሩ በእሷ አግብቷል፣ ወታደሩ በእሷ አግብቷል፣ ባለ ሻይ ቤቱ በእሷ አግብቷል። እኔም ሙሉን ከአባቷ ቤት ያመጣሁት በእሷ ነው። ሙሉ ዛሬም ስንጣላ «ያቺ መኪና ናት ያታለለችኝ» ትላለች።

የደርግ መጨረሻ ዓመታት ላይ ሐጂ ደረታቸውን ታመሙ። ድሬዳዋ ሄደው ዘመድ ቤት ሆነው ይታከሙ ተባለ። ከመሄዳቸው በፊት ሙሽሪትን ራሳቸው እየነዱ ግቢያችን ድረስ መጡ። የመኪና ቤታቸው በጦርነቱ ጊዜ ፈርሶ ቆርቆሮው ከተወሰደ ቆይቷል፤ እስከዚያ ቀን መኪናዋ ሱቃቸው በር ላይ በዓይናቸው እየተጠበቀች ነበር የምታድረው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ሆዳን ትባላለች። ሠርጓ ብርዱ አልፎ ዝናብ ሲጀምር እንዲሆን ተቆርጧል።

«ወልዴ» አሉ ቁልፉን እየሰጡት፣ «ይቺ መኪና የሰውን ልጅ ሁሉ አመላልሳለች። የእኔ አንድ ልጅ በጭነት መኪና እንዳትሄድ። እኔ ብመለስም፣ ባልመለስም።»

«ኧረ ይመለሳሉ ሐጂ» አለ ጋሽ ወልዴ።

«ስለ እኔ አይደለም የጠየቅሁህ።»

ጋሽ ወልዴ ቁልፉን ተቀብሎ በጨርቅ ጠቀለለውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። 

የጋራዡ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ስብሰባ የለመደ ሰው ነው፣ ሁሉን ነገር በመመሪያ ነው የሚያየው። ያን ዓመት ደግሞ ለስደተኞች እህልና ውሃ የሚያመላልሱ መኪኖች መጠለያውን ሞልተውት ነበር። «ግቢው ውስጥ ትቁም፤ ከጣሪያ በታች ግን የግል መኪና አይገባም» አለ። ስለዚህ ሙሽሪት ያንን ጂላል ደጅ መክረሟ ሆነ። ሱማሌዎች ጂላል የሚሉት ያንን ደረቁን፣ ቀን አቧራ ሌሊት ውርጭ የሆነውን ወቅት ነው።

ጋሽ ወልዴ ለእሷ ያደረገውን ለመንግሥት መኪና ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ውሃዋን አፍስሰን፣ ባትሪዋን ፈትተን ቢሮ ውስጥ ጣውላ ላይ አስቀመጥን። ጎማዎቿ በአንድ በኩል እንዳይተኙ በክሪክ አንስተን ግንድ አስደገፍናት። ፍሬኑ ይዞ እንዳይቀር የእጅ ፍሬኗን ለቀቅን። ካንዴላዎቿን አውጥቶ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ ጠብ አደረገና መልሶ አሰራቸው። አይጥ እንዳይገባ የጭስ ማውጫዋን የማርሚታዋን አፍ በጨርቅ ወተፍነው። በየሳምንቱ ሞተሯን በእጅ መዘወሪያዋ በማኖቬላ እንዳዞራት ለእኔ ትእዛዝ ተሰጠኝ።

በመጨረሻ ሸራው መጣ። ጋሽ ወልዴ ከሚያውቀው ወታደር የለመነው ወፍራም የድንኳን ሸራ ነበር። ከላይ እስከ ታች አልብሰን፣ በገመድ ጠፍረን፣ ጥርቅም አድርገን አሰርናት። እኛ የመሐል አገር ሰዎች ብርድ ሲባል የምናውቀው ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ነው። ጋሽ ወልዴ ሸራውን መታ መታ አደረገና «በቃ፣ አሁን አይበርዳትም» አለ። እኔም በጣም ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ፤ ጥር ተጋመሰ። ንፋሱ ሲነሳ ሸራው ይርገበገባል፣ እኛም «ምን የመሰለ ሸራ ነው» እንላለን። በየሳምንቱ የፊቱን ጫፍ ብቻ ገለጥ አድርጌ ማኖቬላውን አስገብቼ አዞራለሁ፤ ሞተሯ እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው። ገመዱን ፈትተን ልንገልጣት አልደፈርንም፣ ብርድ ይገባባታል ብለን።

ነገሩን ያወቀችው ኤዶ ሃዎ ናት። ኤዶ ሃዎ የሐጂ እህት ነች፣ ሆዳን አክስቴ ለማለት «ኤዶ» ስለምትላት ከተማው ሁሉ ኤዶ ይላታል። ከከተማው ወጣ ብላ ግመሎች ጋ ነው የምትኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ወተት በአህያ ጭና መጥታ የጋራዡ በር ላይ ትቀመጣለች። ያን ቀን ለእኛ ልትቀዳ ወደ ውስጥ ገባችና ሙሽሪት አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ወሪያ፣ ወልዴ! ዱቄት ማነው እዚህ የደፋው?»

ሁላችንም ዞረን አየን። በሸራው ግርጌ ዙሪያውን መሬቱ ላይ የቅቤ ቀለም ያለው ብናኝ ተነስንሷል። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ገመዱን በቢላ ይበጥስ ጀመር።

ሸራው ሲወርድ ያየሁትን አልረሳውም። አቧራው በሸራው ሥር ገብቶ፣ ንፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው፣ ሁለቱ ተባብረው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቀዋታል። ፓራፋንጎዎቿ፣ የኮፈኗ ጫፍ፣ የጣሪያዋ ዳርና ዳር ቀለሙ አልቆ ላሜራው ወጥቷል። ሌሊት የሚጠራቀመው ጤዛ ደግሞ መውጫ አጥቶ ላሜራውን አዝጎታል። በሯን ስንከፍት የሻገተ ሽታ ወጣ። ጋሽ ወልዴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ስንቱን ሞተር ከሞት ሲያስነሳ ያየሁት ሰው ነው። የሐጂ ቁልፍ ያለበትን ኪሱን ሲዳብስ ሳይ እንባዬ መጣ።

ኤዶ ሃዎ ግን አዝና የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። መኪናዋን ዞራ አየችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አፍናችሁ ልትገድሏት ነው እንዴ? በጂላል ማን ነው እንዲህ የሚጠፈረው? ነፍስ ያለው ነገር አየር ይፈልጋል!»

«ኤዶ፣ መኪና እኮ ናት» አልኩ እኔ።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ እንደ ሰው ያለበሳችኋት? እንደ ሰው ካሰባችኋትማ ልብስ ሳይሆን ቤት ሥሩላት!»

ጋሽ ወልዴ ቀና አለ። «ቤት ብንሠራላትም ቀለሟ ሄዷል ኤዶ። እንደገና ካልተቀባች ለሠርጉ አትወጣም። በዚህ ንፋስ ደጅ ላይ ከቀባኋት ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራው ይበላዋል። ጣሪያ የለኝም።»

«ጣሪያውን ለእኔ ተወው» አለችና ወተቷን እንኳን ሳትሸጥ አህያዋን አዙራ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ኤዶ ሃዎ ሴቶች አስከትላ መጣች። የአህዮቹ ጀርባ ላይ የጎበጡ ረጃጅም ዘንጎችና የተጠቀለሉ ሰሌኖች ተጭነዋል። ከኋላ ሆዳን ራሷ ነበረች። ነገሩ ገባኝ፤ ያመጡት አቃል ነው፣ አርብቶ አደሩ ነቅሎ የሚጭነው፣ ሲሰፍር መልሶ የሚተክለው ክብ ቤት። ሱማሌ ሴት ስታገባ አቃሏን የሚሠሩላት የእሷ ሴት ዘመዶች ናቸው። ሰሌኑን መሥራት ወራት ይፈጃል። እነዚህ ሰሌኖች ደግሞ ኤዶ ሃዎ ለሆዳን ሠርግ ብላ ስትሠራቸው የከረመችው ናቸው።

ጋሽ ወልዴ ይህን ሲያውቅ ደነገጠ። «አይሆንም፣ ይሄ የአንቺ ቤት ነው ልጄ። ቀለም ይነካዋል።»

ሆዳን ሳቅ አለች። «እስካገባ ድረስ እኔ የአባቴ ቤት አለኝ፣ አባ ወልዴ። ቤት የሌላት እሷ ናት።»

እኛን ወንዶቹን ዞር በሉ አሉን። ዘንጎቹን መሬት ሰክተው፣ ከላይ አጉብጠው እያሰሩ፣ ሙሽሪትን መሐል አደረጓት። ቤቱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆነ። ሲሠሩ ለሙሽራ የሚባለውን ግጥም እየተቀባበሉ ያጨበጭቡ ነበር። የሚሉት ሁሉ ባይገባኝም የመኪናዋን ስም በየመሐሉ ሲጠሩና ሲስቁ ሰምቻለሁ። ሰሌኖቹን ደራርበው ሲጨርሱ ውስጡ ገባሁ። ንፋስ የለም፣ አቧራ የለም፣ ግን አየሩ አልታፈነም።

ኃላፊያችን ከቢሮው ወጥቶ መጣ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቤት ነው» አለች ኤዶ ሃዎ።

«የማን ቤት?»

«የሙሽሪት።»

ዞሮ አየው። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቆየት ብሎ ወጣ። እሱም ሚስቱን ያመጣው በዚያች መኪና ነው። «እንግዲህ እኔ ከጣሪያችን በታች አትገባም አልኩ እንጂ ጣሪያ አይሠራላትም አላልኩም» አለና ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ዝገቱን ፍቀን፣ ስቱኮ ሞልተን፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲሩጂን ቀባን። የቅቤ ቀለም በከተማው አልተገኘም፤ ነጭና ቢጫ ከባቢሌ አስመጣንና ጋሽ ወልዴ ራሱ በጥብጦ ይቀምመው ጀመር። እኔ ፀሐይ ያልነካውን የመጀመሪያ ቀለሟን በበሯ ውስጥ በኩል አግኝቼ «ጋሼ፣ በዚህ አመሳስለው» ብለው «አይሆንም» አለኝ። «እሱ የልጅነት መልኳ ነው። አዲሱ ቀለም የሚኖረው ጣሪያዋ ላይ ከቀረው ጋር ነው፤ እሱን ነው የምንፈልገው።» ጠብታ ቡናማ ጨመረ፣ ጠብታ ጥቁር ጨመረ፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ እየቀባ ፀሐይ ላይ እያደረቀ አስተያየ። ቀለሙ በብርዱ እንዳይወፍር ጣሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ብቻ እንረጫለን፤ ስንጨርስ ሴቶቹ ከነፋሱ በተቃራኒ ያለውን ሰሌን ወደ ላይ ጠቅልለው አየር ያስገቡላታል። የቱንም ያህል ብንጠነቀቅ ቀለሙ እዚህም እዚያም ሰሌኖቹ ላይ ተፈናጠረ። ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ሆዳንን ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷም በየቀኑ ትስቅበታለች።

የመጨረሻውን ቀለም ከረጨን በኋላ ከአቃሉ ውጭ ቆመን ጋሽ ወልዴ ሲጋራውን ለኮሰ። «በብርድ የተቀባ ቀለም ወዲያው አይታወቅም» አለኝ። «ዛሬ ያማረ ሊመስል ይችላል። የሚታወቀው ሲያረጅ ነው። ሲያረጅ ንገረኝ።»

ሐጂ ተመለሱ። ዝናቡ ሊጀምር ደመና ሲያንዣብብ ነው፣ ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው መጡ። በጣም ከስተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ቤታቸው ሳይገቡ ቀጥታ ግቢያችን መጡና አቃሉን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ወልዴ፣ መኪናዬን ሸጠህ ሚስት አገባህ እንዴ?»

ኤዶ ሃዎ እልል አለች። ሴቶቹ ሰሌኖቹን አንድ በአንድ አነሱ፤ ሙሽሪት ብቅ አለች። ሐጂ ቀስ ብለው ተጠጉና መዳፋቸውን በፓራፋንጎዋ ላይ አሳለፉ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ። ለዓይን የማይታየውን መዳፋቸው አውቆታል።

«ተበላሽታብን ነበር ሐጂ» አለ ጋሽ ወልዴ። «ጠፍሬ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ያዳኗት እነሱ ናቸው።»

 ሐጂ ሳቅ እያሳላቸው «እኔም ድሬዳዋ ታድሼ ነው የመጣሁት» አሉ። «ማናችን ቀድመን እንደምንላጥ እናያለን።»

«ነድተው ይንገሩኝ» አለ ጋሽ ወልዴ፣ ቁልፉን ከደረት ኪሱ አውጥቶ።

«አንተ ነህ የምትነዳት። እኔ የሙሽራዋ አባት ነኝ።»

ሠርጉ ሰዓት እላፊ ስለነበረ በጠራራ ፀሐይ ሆነ። ጋሽ ወልዴ ይነዳል፣ ሐጂ አጠገቡ፣ ሆዳን ከኋላ። ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። በእሷ ያገቡት ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሙሉም አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሆዳን ሙሽራው ቤት ስትወርድ ሐጂ በሩን ለማንም አልተዉም፤ በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሐጂ ያንን ክረምት አላለፉም። ጋሽ ወልዴ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥቶ ወደ ጨርጨር፣ ወደ አገሩ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ መሞቱን ሰማሁ። መንግሥት ሲለወጥ ከተማው በታመሰበት ሰሞን ሙሽሪት ከቆመችበት ጠፋች፤ ማን እንደነዳት፣ ወዴት እንደሄደች ዛሬም አይታወቅም። ቀለሟ ሳያረጅ ነው የሄደችው። ስለዚህ ለጋሽ ወልዴ የምነግረው ነገር አልነበረኝም።

የጡረታዬ ቀን ሆዳን ቤቴ መጣች። አሁን አያት ሆናለች። አንድ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሰሌን ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ በጭስ ጠቁሯል፣ ስንት ጊዜ ተነቅሎ ስንት ጊዜ እንደተተከለ እሷም አታውቀውም። «ልጆቼን በሥሩ ወለድኩ» አለችኝ። ፈትቼ ሳየው መሐሉ ላይ የቅቤ ቀለም ጠብታዎች አሉ።

መነጽሬን አደረግሁና በአውራ ጣቴ ጥፍር ፋቅሁት። ሙሉ «አንተ፣ የሰው ንብረት ታበላሻለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። ደግሜ ጠበቅ አድርጌ ፋቅሁት።

አርጅቷል። አልተላጠም ጋሼ።